ሞኖግራም የምንለው ብዙው ነገር ሞኖግራም አይደለም

የሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ የሙሽሮቹ ስም መነሻ ፊደላት ተቆላልፈው አይታችሁ ይሆናል። ሞኖግራም እንላቸዋለን። ጥንቅቅ ባለው የሙያው አጠራር ግን አብዛኞቹ ሳይፈር፣ ማለትም ፊደላቱ ሳይዋሃዱ የተጠላለፉበት ምልክት፣ ናቸው። (የስለላውን ሳይፈር፣ ማለትም ምስጢራዊ ጽሑፉን፣ እርሱት፤ እዚህ አያገባንም።) የተለመዱ አባባሎችን አንድ በአንድ እንፈትሽ።

«የስም መነሻ ፊደላት ሁሉ ሞኖግራም ናቸው»

አይደሉም። ቀ.ኃ.ሥ. ምህጻረ ቃል ነው። ፊደላቱ ጭራሽ አልተነካኩም።

«ሞኖግራምና ሳይፈር አንድ ናቸው»

አንዱን ፊደል በሐሳባችሁ አውጡት። የቀረው ሙሉ ከሆነ ሳይፈር ነው፤ ፊደላቱ ተጠላልፈዋል እንጂ አልተዋሃዱም። የቀረው ከጎደለ ሞኖግራም ነው፤ መስመር ይጋራሉ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ814 የሞተው የፍራንኮች ንጉሥ የሻርለማኝ የስም ምልክት ለዚህ ግሩም ምሳሌ ነው። «ካሮሉስ» (KAROLVS) የሚለው ስሙ በመስቀል ቅርጽ ተቀምጧል። ኬ፣ አር፣ ኤል እና ኤስ ጫፎቹን ይዘዋል። መሃል ያለችው አንዲት ዳይመንድ ሦስቱንም አናባቢዎች ትሸከማለች፦ ሙሉዋ ኦ፣ የላይኛው ግማሿ ኤ፣ የታችኛው ደግሞ ያኔ እንደ ቪ ይጻፍ የነበረው ዩ። ከዚህ ውስጥ አንዱን ብታወጡ ሌላው ይፈርሳል።

«የንጉሥ ሞኖግራም ንጉሡ ራሱ የሚጽፈው ፊርማ ነው»

የሻርለማኝን የሚያዘጋጁት ጸሐፊዎች ነበሩ። እሱ መሃል ላይ ማጽደቂያ መስመር ብቻ ያሰምር ነበር።

«የፈረንሳዩ ሻንጣ ሠሪ ሉዊ ቪቶን ‹ሞኖግራም› ብሎ ከጠራው፣ ሞኖግራም ነው»

እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ በሻንጣው ጨርቅ ላይ ያሉት ኤል እና ቪ ተደራርበዋል እንጂ እያንዳንዳቸው ሙሉ ናቸው። የፋሽን ቤቱ የሻኔል ሁለት ሲዎችም እንደዚያው። ግን ስሙ ለምዷል፤ መዝገበ ቃላትም ሰፊውን ትርጉም ይቀበላል። ሱቅ ገብቶ መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

«የነገሥታት ሳይፈር ጌጥ ብቻ ነው»

ይህን ለስኮትላንድ ዋና ከተማ ለኤዲንብራ ሰዎች ንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1952 መጨረሻ ኢንች በተባለው ሰፈር የንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ሳይፈር (ከፊደላቱ ጋር «ዳግማዊት» የሚለውን የሚወክል የሮማ ቁጥር II የያዘ) ያለበት የፖስታ ሳጥን ተተከለ። ስኮትላንዶች ተቆጡ። ቀዳማዊቷ ኤልሳቤጥ የእንግሊዝ እንጂ የስኮትላንድ ንግሥት አልነበረችማ! ታዲያ «ዳግማዊት» ከየት መጣ? ሳጥኑ ደጋግሞ ጥቃት ደረሰበት፤ በየካቲት 1953 በፈንጂ ጋየ። ከዚያ በኋላ በስኮትላንድ በተተከሉ ሳጥኖች ላይ በሳይፈሩ ፋንታ የስኮትላንድ ዘውድ ተቀረጸ።