ቢላው ይፈራል፣ መርፌው ይናቃል፦ ስለ ፊት ውበት ሕክምና የሚወራውና እውነታው

አዳማ ውስጥ ስለ ፊት ቀዶ ሕክምና የሚያወራው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ፊትን ማስነካት ሞትን መጥራት ነው» ይላል። ሌላው ቲክቶክ ላይ ያየውን ይዞ «ግማሽ ሰዓት አይፈጅም እኮ» ይላል። ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ ፀጉር ቤት ብትቀመጡ ሁለቱንም በአንድ ከሰዓት ትሰማላችሁ። የሚገርመኝ ግን ሁለቱም በአንድ ነገር መስማማታቸው ነው፦ ቢላ ከሌለ አደጋ የለም ብለው ያምናሉ።

«መርፌ ብቻ ነው፣ ቀዶ ሕክምና አይደለም»

ብዙ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ አባባል ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ቦቶክስና ፊለር አንድ አይደሉም። ቦቶክስ ጡንቻን ለጊዜው ያዝላል። የግንባርና የቅንድብ መሃል መስመር የሚለሰልሰው ከሥሩ ያለው ጡንቻ መኮማተሩን ስለሚቀንስ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ መሥራት ይጀምርና ከ3 እስከ 4 ወር ይቆያል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ለቅንድብ መሃል መስመር የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ፊለር ግን ስሙ እንደሚለው ይሞላል፦ ከንፈር፣ ጉንጭ፣ አገጭ፣ አንዳንዴም አፍንጫ። በብዛት የሚሠራበት ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባል ጄል ነው። እንደ ዓይነቱና እንደ ቦታው ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ይቆያል።

ፊት በደም ሥር የተሞላ ነው። ጄሉ በስህተት ደም ሥር ውስጥ ከገባና ከዘጋው፣ ደም የተቋረጠበት ቆዳ ሊሞት ይችላል። የአፍንጫ፣ የግንባርና የቅንድብ መሃል ደም ሥሮች ደግሞ ከዓይን ደም ሥሮች ጋር ይገናኛሉ። ስለዚህ ዓይን ሊታወር ይችላል። አልፎ አልፎ የሚደርስ ነገር ነው። ከደረሰ በኋላ ግን እይታን መመለስ በጣም ከባድ ነው። እና «ያለ ቀዶ ሕክምና አፍንጫ እናስተካክላለን» የሚለው ማስታወቂያ ቀላሉን አማራጭ አይደለም የሚሸጥላችሁ። ከፊለሮች ሁሉ በጣም ጥንቃቄ ከሚፈልጉት አንዱ እሱ ነው።

ለዚህ ጄል ማሟሟቻ አለው፣ ሃያሉሮኒዴዝ ይባላል። የሚወጋችሁ ሰው ይህን መድኃኒት አጠገቡ ከሌለው፣ ወይም ስሙን ስትጠሩለት ግራ ከተጋባ፣ አመስግናችሁ ውጡ። ከተወጋችሁ በኋላ ቆዳው ከነጣ ወይም ከገረጣ፣ መረብ መሰል ጥቁረት ካወጣ፣ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ወይም እይታ ከደበዘዘ፣ ጉዳዩ የሰዓታት ነው። «በረዶ ያዢበት፣ ነገ ይሻልሻል» የሚል የስልክ መልስ አይበቃም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። የተወጋው ፈሳሽ ሲሊኮን ከሆነ ደግሞ ማሟሟቻ እንኳን የለውም። ከዓመታት በኋላ ሊያብጥና ሊጓጉል ይችላል፣ ለማውጣት ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፣ ሙሉ በሙሉ ላይወጣም ይችላል። ያለ መርፌ በግፊት ጄል የሚያስገባው «ሃያሉሮን ፔን»ም መጫወቻ አይደለም። ያው የአሜሪካ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2021 ሕዝቡን አስጠንቅቆበታል።

ሰው ቤት ድረስ መጥቶ፣ ሳሎን ሶፋ ላይ አስተኝቶ የሚወጋ «ባለሙያ» ካለ፣ እሱን ነው እንደ ቢላው መፍራት።

«ቦቶክስ ከጀመርሽ መተው የለም፣ ካቆምሽ ፊትሽ ይወድቃል»

አይወድቅም። ጡንቻው ቀስ በቀስ ወደ ድሮ ሥራው ይመለሳል፣ መስመሩም አብሮት ይመለሳል። ለስላሳ ግንባር የለመደች ዓይን የድሮውን መስመር ስታይ አዲስ ይመስላታል፣ ወሬውም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

«ሠርጌ ጥር ነው፣ ታኅሣሥ ላይ አፍንጫዬን ላሠራ»

እባክሽ አይሆንም። ከአፍንጫ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል አፍንጫ ላይ ድጋፍ ይታሰራል። በዓይን ዙሪያ ያለው ብልዝ ሁለት ሳምንት ገደማ ሊቆይ ይችላል። ትልቁ እብጠት በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል፣ የአፍንጫው ጫፍ ግን ትክክለኛ መልኩን እስኪይዝ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ቆዳው ወፍራም ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። የሠርግ ፎቶ ላይ የምትታየው ያበጠች ሙሽራ ናት ማለት ነው።

ሌላው ወሬ «ውስጥ ፕላስቲክ ይከቱልሻል» የሚለው ነው። ድጋፍ ሲያስፈልግ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ከራስ ገላ ነው፦ ከአፍንጫው መሃል ግድግዳ፣ ከጆሮ ወይም ከጎድን ለስላሳ አጥንት። አንዳንድ ሐኪሞች ሲሊኮን ይጠቀማሉ፣ ስለዚህ ምን እንደሚገባ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሌላም ጠይቁ፦ «ትንፋሼስ?» አፍንጫ በጣም ሲጠብ አየር አላስገባም ይላል፣ ያኔ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይመጣል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

እግረ መንገዴን ስለ ሰልፊ አንድ ነገር ልበል። ስልኩን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አቅርቦ የተነሳ ፎቶ አፍንጫን 30 በመቶ ገደማ አስፍቶ እንደሚያሳይ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ስሌት አሳይቷል። ችግሩ የሌንሱ ቅርበት ነው። እንግዲህ አንዳንዱ ሰው ገንዘብ የሚያጠራቅመው የሌለውን አፍንጫ ለማስቀነስ ነው። ስልኩን ለጓደኛ ሰጥታችሁ ሁለት ሜትር ርቆ ያንሳችሁ፣ ከዚያ ወስኑ።

«ጎበዝ ሐኪም ጠባሳ አይተውም» እና «የእኛ ቆዳ ከተነካ ያብጣል»

እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ የማነሳቸው እውነቱ በመሃላቸው ስላለ ነው። ቆዳ ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠ ጠባሳ ይኖራል። ጎበዝ ሐኪም የሚያደርገው መደበቅ ነው፦ ከጆሮ ኋላ፣ በፀጉር መነሻ፣ በዓይን ቆብ እጥፋት፣ በአፍ ወይም በአፍንጫ ውስጥ። ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ፣ ጥቁር ቆዳ ላይ ይበልጥ እንደሚወጣም እውነት ነው። ግን ቦታ ይመርጣል። ጆሮ፣ የመንጋጋ ጠርዝ፣ ደረትና ትከሻ ይወዳል፤ የዓይን ቆብ ላይ እጅግ አልፎ አልፎ ነው የሚታየው። ስለዚህ የወረደ የዓይን ቆብ የሚያስነሱ አባትና፣ ከጆሮ ጀርባ የሚቆረጥበትን ፊት ማንሳት (የላላ የፊት ቆዳን መሳብ) የምታስብ ልጃቸው እኩል ስጋት የለባቸውም። ጆሯችሁን ስትበሱ ያበጠ ነገር ወጥቶ ከነበረ፣ ወይም እናት ወይም እህት እንደዚያ ካላት፣ ለሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት።

«ያበጠውን ቆርጦ መጣል ነው» የሚሉም አሉ። ተቆርጦ ብቻ የተተወ ኬሎይድ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ከበፊቱ ሰፍቶም ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው ከቆረጣው ጋር የስቴሮይድ መርፌ ወይም ሌላ ሕክምና የሚታከለው። አዲስ ጠባሳ ደግሞ ከአዳማ ፀሐይ ጋር አይስማማም፣ ይጠቁራል። ለወራት ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋል።

ንቅሳት ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። የግንባርና የአንገት ንቅሳታቸውን ማስጠፋት የሚፈልጉ እናቶች በከተማችን ብዙ ናቸው። «ሌዘር በአንድ ቀን ያነሳዋል» ይባላሉ። ሌዘር ቀለሙን ይሰባብረዋል፣ ጠርጎ የሚያወጣው ሰውነት ነው፣ እሱም ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ በሳምንታት ልዩነት ደጋግሞ መሄድ ያስፈልጋል። ጥቁር ቀለም መሆኑ ጥሩ ዜና ነው፣ ለሌዘር ከሌሎች ቀለሞች ይልቅ ይታዘዛል። መጥፎው ዜና፣ ለጥቁር ቆዳ የማይሆን ሌዘር ወይም መጠኑን የማያውቅ እጅ ከሆነ፣ ንቅሳቱ ሲሄድ ነጭ ምልክት ወይም ቃጠሎ ይተካዋል። ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠው 1064 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ነው። ቁጥሩን ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። አሲድና ጨው ማሸትማ አይወራም፣ ንቅሳትን በጠባሳ መለወጥ ነው።

ትንንሾቹን በፍጥነት ልለፋቸው። «ፊት ማንሳት ዕድሜን ያቆማል»፦ አያቆምም፣ ሰዓቱን ወደ ኋላ ይመልሰዋል እንጂ ሰዓቱ መቁጠሩን ይቀጥላል። የከንፈር ዙሪያ ቀጫጭን መስመርና ማድያትንም አያጠፋም። «ስርጉድ ማሠራት ቀላል ነው»፦ ሥራው አጭር ነው፣ ግን ለሳምንታት ሳትስቁም ስርጉዱ ይታያል፤ ካልወደዳችሁት መመለሱም ቀላል አይደለም። «ልጁ ሲያድግ ጆሮው ይመለሳል»፦ ወደ ውጭ የወጣ ጆሮ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ከ5 እስከ 6 ዓመት ገደማ ጆሮ አብዛኛውን እድገቱን ስለጨረሰ ማሠራት ይቻላል፣ ልጁ ራሱ ካልተጨነቀበት ግን ምን አስቸኮለ?

«ጫትና ሺሻ ከፊት ጋር ምን አገናኘው?»

ይኼ የሚጠየቀው ባብዛኛው በወንዶች ነው። አዎ፣ ወንዶችም ይሠራሉ፣ «የሴት ነገር ነው» የሚለውም ወሬ ነው። ፊት ማንሳት ላይ ደም ከቆዳ ሥር የመቋጠር አደጋ ወንዶች ላይ ከፍ ይላል። ጫት ደግሞ የደም ግፊትንና የልብ ምትን ይጨምራል፣ ግፊት ሲጨምር መድማቱ ይብሳል። ሲጋራና ሺሻ የቆዳን ደም ሥር ያጠባሉ፣ የተነሳው ቆዳ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ሐኪሞች ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት አቁሙ የሚሉት ለዚህ ነው። አስፕሪንና የባህል መድኃኒት የምትወስዱም ተናገሩ። ማደንዘዣ ሰጪው ፊት ማፈር አያዋጣም።

«የሀብታም ቅንጦት ነው» ለሚሉት፦ አፍንጫ መሥራት የተጀመረው በጥንታዊት ሕንድ፣ በቅጣት አፍንጫቸው ለተቆረጠ ሰዎች ነው። ዘመናዊው የተስፋፋው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፊታቸው የፈረሰ ወታደሮችን ሐኪሙ ሃሮልድ ጊሊስ እንግሊዝ ውስጥ ሲጠግን ነው። እኛ ጋም ያው ሙያ የተሰነጠቀ ከንፈር፣ የቃጠሎ ጠባሳና ኖማ (የአፍና የፊት ሥጋን የሚበላ በሽታ) ያበላሸውን ፊት ይጠግናል። አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎና በፕላስቲክ ሰርጀሪ ይታወቃል። ከአዳማ በፍጥነት መንገዱ ሩቅ አይደለም። የፈላ ዘይት ፊቱ ላይ የፈሰሰበት ልጅ ያለው ቤተሰብ «ይህ የውበት ነገር ነው» ብሎ ቤት መቀመጥ የለበትም።

የመጨረሻው «ውጭ አገር ከተሠራ አያሰጋም» ነው። ኢስታንቡል ወይም ባንኮክ ጎበዝ ሐኪም አለ፣ እዚህም አለ። ልዩነቱ ከተመለሳችሁ በኋላ ነው። ቁስል የሚያመረቅዘው ብዙ ጊዜ ከቀናት በኋላ ነው፣ ያኔ እናንተ አዳማ ናችሁ። ስለዚህ ከመብረራችሁ በፊት ስፌት ማን እንደሚፈታላችሁ፣ ትኩሳት ቢመጣ ማን ጋ እንደምትሄዱ እዚህ ካለ ሐኪም ጋር ተነጋገሩ። ስትመለሱ ደግሞ ምን እንደተሠራ የሚገልጽ ጽሑፍ፣ የገባ ነገር ካለ ስሙና ቁጥሩ፣ የወሰዳችሁት መድኃኒት ዝርዝር በእጃችሁ ይኑር፤ ሆስፒታሉ በራሱ ቋንቋ ብቻ እንዳይሰጣችሁ አስቀድማችሁ በእንግሊዝኛ ጠይቁ።