«የባህል ደኅንነት» ምን ማለት ነው?
ቃሉን ሲሰሙት የቅርስ ጥበቃ ይመስላል። አይደለም። በሕክምና ሥራ የተረጂውን ባህልና ክብር ሳይጎዱ መርዳት ማለት ነው። ሐሳቡን ያስፋፉት ከኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ ከማኦሪ የተወለዱት ነርስ ኢሪሃፔቲ ራምስደን ናቸው፤ የአገሪቱ የነርሶች ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ1992 በነርሶች ትምህርት ውስጥ እንዲካተት አድርጓል። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ እርዳታው ክብርን የጠበቀ መሆን አለመሆኑን የሚፈርደው ተረጂው እንጂ ረጂው አይደለም። በማኦሪ ዘንድ የሰው ራስ የተቀደሰ ነው። በሌሊት አእምሮው ለተናወጠ ሰው የደረሰ ሠራተኛ «አይዞህ» ብሎ ሳያስፈቅድ ራሱን ቢዳብሰው፣ በቅን ልቦና ያቆስለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ይጠየቃል፦ ከቤተሰብዎ ማን ይጠራልዎ? ካራኪያ፣ ማለትም ጸሎታቸው፣ ይቅደም? ይህ ጥያቄ እንደ ትርፍ ጨዋነት ሲቆጠር ያሳዝነኛል፤ የሕክምናው አካል ነውና። ባህሉን በሥልጠና ያጠና ሠራተኛም ከመጠየቅ ነፃ አይሆንም።