የሩሲያ የየካቲት አብዮት

የየካቲት አብዮት ሩሲያን 304 ዓመት የገዛው የሮማኖቭ ሥርወ መንግሥት ከዙፋን የወረደበት የሕዝብ አመፅ ነው። በዋና ከተማዋ በፔትሮግራድ የካቲት 29 ቀን 1909 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 1917) ጀምሮ በስምንተኛው ቀን ንጉሠ ነገሥቱን፣ ዛር ኒኮላስ ዳግማዊን፣ ከሥልጣን አስለቀቀ። በደርግ ዘመን የተማረ ሰው ዛሩን የገለበጠው ሌኒን ይመስለው ይሆናል። ሌኒን ግን ያኔ በስደት ስዊዘርላንድ ነበር፤ በጥቅምት የገለበጠውም ዛሩን ሳይሆን ከዛሩ በኋላ የመጣውን መንግሥት ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር እንበል። ሩሲያ ያኔ በአሮጌው የጁልየስ አቆጣጠር ትጠቀም ስለነበር አመፁ የተነሣው በእነሱ ፌብሯሪ 23 ነበር። አውሮፓውያን ቀኑን ወደ ማርች፣ የጥቅምቱንም ወደ ኖቬምበር ሲያዞሩት ስሙና ወሩ አይገጥምላቸውም። በእኛ አቆጣጠር ግን አንዱ የካቲት 29፣ ሌላው ጥቅምት 28 ላይ ስለሚውል ችግር የለብንም። አዲስ አበባ ላይ ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ ከጫኑ ገና 25 ቀናቸው ነበር።

ሥሩ ሩቅ ነው። በ1897 ዓ.ም. አቤቱታ ይዞ፣ የዛሩን ሥዕል ተሸክሞ ወደ ቤተ መንግሥት የሄደ ሰልፈኛ በጥይት ከተቆላ ወዲህ «አባታችን ዛር» የሚለው እምነት ተሰንጥቋል። ከዚያ በኋላ የተፈቀደው ዱማ የተባለው ምክር ቤትም ዛሩ ባሰኘው ቀን የሚበትነው ነበር። በ1906 ዓ.ም. የመጣው የዓለም ጦርነት ነገሩን አባሰው። ኒኮላስ በ1907 ማብቂያ የጦሩን የበላይ አዛዥነት ራሱ ወስዶ ሞጊሌቭ ወደሚገኘው ጠቅላይ ሠፈር ሄደ። ከዚህ በኋላ የግንባሩ ሽንፈት ሁሉ በቀጥታ የእሱ ሆነ፤ ዋና ከተማውም በትውልድ ጀርመናዊት ስለሆነችው ስለ ንግሥቲቱና ምክሩን ስለምትሰማው ስለ መነኩሴ መሳዩ ራስፑቲን ለሚነዛው ወሬ ተተወ። ራስፑቲን በታኅሣሥ 1909 ሲገደል ሐሜቱ አብሮት አልተቀበረም።

ክብሪቱን የጫረው ግን ዳቦ ነው። አገሪቱ እህል አላጣችም፤ ባቡሩ ጦርና ጥይት ሲያመላልስ እህሉና ማገዶው ከተማ መድረስ አቃተው። ሴቶች ከፋብሪካ ወጥተው በዚያ ብርድ ዳቦ ቤት ደጃፍ ተሰልፈው ያድሩ ነበር። ዳቦ በራሽን ሊሆን ነው የሚል ወሬ ሲነዛ ሰልፉ ረዘመ። የካቲት 28 ትልቁ የፑቲሎቭ ፋብሪካ በደመወዝ ጭቅጭቅ ሠራተኞቹን ውጭ አስቀርቶ በሩን ዘጋ። በማግስቱ የሴቶች ቀን ነበር። በቪቦርግ ሠፈር የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞቹ ሴቶች ሥራ አቁመው ወጡ፤ በየብረታ ብረት ፋብሪካው በር እየቆሙም ወንዶቹን ጠሩ። የትኛውም ፓርቲ ውጡ አላላቸውም፤ እንዲያውም የፓርቲ ሰዎች ጊዜው አልደረሰም ባይ ነበሩ።

ፖሊስ ድልድዮቹን ዘግቶ ሕዝቡን ከመሀል ከተማ ሊያስቀር ሞከረ። የኔቫ ወንዝ ግን በረዶ ሆኖ ነበርና ሰዉ በወንዙ ላይ በእግሩ ተሻገረ። የሰልፈኛው መናኸሪያ የዝናሜንስካያ አደባባይ ሆነ፤ እዚያ የቆመውን፣ የከተማው ሰው «ጉማሬ» እያለ የሚያላግጥበትን የአሌክሳንደር ሣልሳዊን የፈረስ ሐውልት ከበው ይናገሩ ነበር። ሰልፈኛ በመበተን የታወቁት ኮሳክ የተባሉት ፈረሰኞችም እጃቸው ላላ። ንግሥቲቱ በዚያው ሰሞን ለባሏ በጻፈችው ደብዳቤ ነገሩን የዱርዬ ሥራ አድርጋ፣ ብርዱ ቢጠና ኖሮ ሁሉም ቤቱ ይቀመጥ ነበር ብላለች።

ዛሩ ሁከቱ በነገው ዕለት እንዲቆም በቴሌግራም አዘዘ። እንደኔ ዙፋኑን የገደለው ይህ ቴሌግራም ነው፤ ምክንያቱም ወታደሩን በግድ እንዲመርጥ አደረገው። መጋቢት 2፣ እሑድ፣ ወታደሮች ተኩሰው ብዙ ሰው ገደሉ። ከተኳሾቹ አንዱ የቮሊንስኪ ክፍለ ጦር ነበር። የክፍሉ ልጆች ሌሊቱን ሲመክሩ አድረው ሰኞ ጠዋት በሳጅን ኪርፒችኒኮቭ መሪነት አንወጣም አሉ፤ ሻምበላቸው ላሽኬቪች በጥይት ወደቀ። ከዚያ ወደ ጎረቤት ሠፈር ሄደው ሌሎቹን አስነሡ፤ እስከ ማታ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወታደር ከሕዝቡ ጋር ሆነ። በታውሪድ ቤተ መንግሥት አንደኛው ክንፍ የዱማው ጊዜያዊ ኮሚቴ፣ በሌላው የሠራተኞችና የወታደሮች ሶቪየት (ሸንጎ) ተቋቋሙ። ሁለት መንግሥት በአንድ ጣሪያ ሥር ማለት ነው።

ኒኮላስ ወደ ቤተሰቡ ሲገሠግሥ ባቡሩ መንገድ ተዘግቶበት ፕስኮቭ ገባ። እዚያ የጦር አዛዦቹ ምክር በቴሌግራም ተሰበሰበለት፦ ይልቀቁ። መጋቢት 6 ማታ ለራሱና በደም አለመርጋት ሕመም ለሚሠቃየው ልጁ ለአሌክሴይ ጭምር ፈርሞ ዘውዱን ለወንድሙ ለሚካኤል አሳለፈ። ሚካኤል በማግስቱ ፔትሮግራድ ሚሊዮናያ ጎዳና ባለ አንድ መኖሪያ ቤት ሆኖ፣ የሕገ መንግሥት ጉባኤ ካልመረጠኝ አልቀበልም አለ። ወረቀቱ የተረቀቀው በቤቱ ልጅ የጥናት ክፍል፣ በተማሪ ዴስክ ላይ ነው።

ሥልጣኑን የያዘው የልዑል ልቮቭ ጊዜያዊ መንግሥት ጦርነቱን አላቆመም፤ ስምንት ወር ሳይሞላው የሌኒን ፓርቲ ሰዎች፣ ቦልሼቪኮች፣ ሥልጣኑን ወሰዱት። ኒኮላስና ቤተሰቡ ሐምሌ 10 ቀን 1910 ዓ.ም. ዬካተሪንቡርግ ውስጥ ተረሸኑ።

በፔትሮግራድ የሞተውና የቆሰለው ከ1,300 በላይ ነው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ መጋቢት 27 በማርስ ሜዳ በቀይ ሣጥን ተቀበሩ፤ ከተማው ከየሠፈሩ ቀኑን ሙሉ በፊታቸው አለፈ። በእኛ ዕለቱ መድኃኔዓለም ነው። እዚያ ግን ካህን አልቆመም፣ ፍትሐትም አልተደረገም።