ሙቀት በሰጠ ቁጥር የሚግለው ብላክ ሆል

ደሴ ላይ ትኩስ ሻይ ይዘህ ደጅ ከተቀመጥክ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ሳትጨርሰው ያቀዘቅዘዋል። ሙቀት የሰጠ ነገር ይቀዘቅዛል። ብላክ ሆል፣ ማለትም ስበቱ እጅግ የበረታ የጠፈር አካል፣ ግን ሙቀት በሰጠ ቁጥር ይግላል። ብዙ ተማሪ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው።

ለመሆኑ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ነገር ምን ሙቀት አለው? የፊዚክስ ሊቁ ጃኮብ ቤከንስታይን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ብላክ ሆል ኢንትሮፒ (የውስጣዊ ዝብርቅርቅነት መለኪያ) አለው አለ። የኢንትሮፒው መጠንም የሚወሰነው ብርሃን ከገባ በማይወጣበት ድንበሩ ስፋት ነው። ኢንትሮፒ ካለ ደግሞ ሙቀት ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1974 ስቴፈን ሃውኪንግ ብላክ ሆል በጣም ደካማ ጨረር እንደሚያወጣ በስሌት አሳየ። ለእኔ ከፊዚክስ ውጤቶች ሁሉ እንደዚህ የሚያስደንቀኝ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ቁልፉ እንምጣ። የብላክ ሆል ሙቀት የመጠነ ቁሱ ተገላቢጦሽ ነው። መጠነ ቁሱ በግማሽ ሲቀንስ ሙቀቱ እጥፍ ይሆናል። ጨረር ሲያወጣ ጉልበት ያጣል፣ ጉልበት ሲያጣ መጠነ ቁሱ ይቀንሳል፤ በዚያው ይግላል።

የፀሐይን ያህል መጠነ ቁስ ያለው ብላክ ሆል ሙቀቱ 0.00000006 ኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ ጀምሮ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ) ገደማ ነው። ጠፈርን የሞላው ጨረር ግን 2.7 ኬልቪን ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ብላክ ሆል ዛሬ ከሚሰጠው የሚቀበለው ይበልጣል። እየገዘፈ ይሄዳል፣ የባሰውን ይቀዘቅዛል።