የበላይነት ምንድን ነው?

«አንዳንዱ ሲፈጠር ጀምሮ የበላይ ነው፤ አንበሳውን ተመልከቱ፣ ተኩላውን ተመልከቱ፣ የስሜኑን ጭላዳ ተመልከቱ።» ይህ አባባል በየመድረኩ ሲደጋገም ቆይቷል። ሰሞኑን ደግሞ ስለ ትዳርና ስለ አመራር የሚያስተምር አንድ አስተያየት ሰጪ ጭላዳን በምስክርነት ጠርቶ፣ አውራው ጎፈሩን ነስንሶ ሲቆም ሴቶቹ በደመ ነፍስ ይገዙለታል፣ ወንድ ልጅም እንዲሁ ነው የተፈጠረው ሲል ሰማሁት። ስለ ትዳር ያለውን አመለካከት ለራሱ ልተወው። ስለ ጭላዳ የተናገረው ግን ስሕተት ነው፤ የበላይነትንም የተረዳው የእንስሳትን ጠባይ የምናጠና ሰዎች ከምንረዳው ፈጽሞ በተለየ መንገድ ነው።

በእኛ ሙያ የበላይነት የምንለው በሚተዋወቁ ሁለት እንስሳት መካከል ያለን ግንኙነት ነው። ደጋግመው ሲገናኙ አንደኛው ያለ ጠብ ምግቡን፣ ጥላውን ወይም መንገዱን የሚለቅ ከሆነ፣ የሚለቀቅለት በሚለቅለት ላይ የበላይ ነው እንላለን። ጉልበት፣ ቁጣ፣ ድፍረት፣ የጎፈር ማማር ሌሎች ነገሮች ናቸው። የበላይነትን ሊያግዙ ይችላሉ፤ ራሳቸው ግን የበላይነት አይደሉም።

ታላቅነትን አስቡ። ማንም ሰው ብቻውን ታላቅ አይሆንም፤ ታላቅ የሚሆነው ለታናሹ ነው። ከሦስት ወንድማማቾች መካከለኛው ለአንዱ ታላቅ፣ ለሌላው ታናሽ ነው። ቁመቱን ብትለኩ፣ ደሙን ብትመረምሩ ታላቅነቱን የምታገኙበት ቦታ የለም። ክረምቱን ከአጎቱ ልጆች ጋር እንዲያሳልፍ ብትልኩት ከሁሉም ታናሽ ሆኖ ይገኝና ውኃ ቅዳ፣ ጥጃ መልስ ሊባል ይችላል፤ ልጁ ግን ያው ልጅ ነው። ደግሞም ታላቁን በታላቅነቱ የሚያጸናው ታናሹ ነው። ታናሹ ከመቀመጫው ባይነሳለት፣ ቃሉን ባይሰማው ቀድሞ መወለዱ ብቻውን ምንም አያመጣለትም። ቴልማ ሮዌል በዩጋንዳ ዝንጀሮዎችን ካጠናች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 አጥብቃ የተከራከረችው ስለዚሁ ነበር፤ ተዋረዱን በየዕለቱ የሚያቆየው ከላይ ያለው የሚያሳየው ኃይል ሳይሆን፣ ከታች ያለው አስቀድሞ አይቶ ፈቀቅ ማለቱ ነው አለች። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሲደነፋና ሲያሳድድ የሚውል እንስሳ ስናይ የመጀመሪያ ግምታችን ቦታው ገና አልጸናለትም የሚል ነው።

የዶሮዎችን ተዋረድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ የገለጸው ኖርዌያዊው ቶርሌፍ ሽዬልደሩፕ ኤቤ እንኳ ነገሩ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ሰልፍ እንዳልሆነ አይቷል። አንደኛዋ ዶሮ ሁለተኛዋን ትነቁራለች፣ ሁለተኛዋ ሦስተኛዋን፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ተመልሳ አንደኛዋን። ከእነዚህ ከሦስቱ ለበላይነት የተፈጠረችው የትኛዋ ናት? ኢቫን ቼዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ሙከራ ደግሞ ዓሣዎችን አራት አራት እያደረጉ አንድ ላይ ጨመሩ፤ ተዋረዱ ሲጸና ለያዩዋቸው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እነዚያኑ አራቱን መልሰው አገናኟቸው። ተዋረድ እንደገና ተፈጠረ፤ በአብዛኞቹ ቡድኖች ውስጥ ግን የየዓሣው ቦታ እንደ መጀመሪያው አልሆነም። ከዓሣ ተነስቶ ስለ ዝንጀሮ መፍረድ አይገባም፤ ነገር ግን ቦታው በእንስሳው ውስጥ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ዓሣም ቢሆን ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለስ ነበር።

አሁን ወደ ጭላዳው። አንድ የጭላዳ ቤተሰብ ሲታይ ዓይን የሚስበው በእርግጥ አውራው ነው። የቤተሰቡ አስኳል ግን ሴቶቹ ናቸው፤ እናት፣ ልጅ፣ እህት፣ አክስት ሆነው እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጃሉ። አውራው ከውጭ የመጣ ነው፤ ጥቂት ዓመታት ይቆይና በሌላ ይነጠቃል። ገደሉ አፋፍ ላይ ሣር እየነጩ ሳለ አንዲት ሴት ራቅ ካለች፣ አውራው የላይኛ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን እያሳየ ይነሳባታል። አስተያየት ሰጪው እስከዚህ ድረስ አይቶ ይሆናል። ትንሽ ቢታገሥ ኖሮ ተቀምጠው ጸጉር ሲፈታተሹ የነበሩት ዘመዶቿ ብድግ ብለው ከጎኗ ሲቆሙ፣ አብረው እየጮኹም ሲሮጡበት፣ ከእያንዳንዳቸው እጅግ የሚከብደው አውራም ወደ ኋላ ሲል ባየ ነበር። ሮቢን ደንባር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በስሜን ባደረገው ጥናት፣ ላጤ ወንድ አውራውን ሲገዳደር ነገሩ በሁለቱ ወንዶች ጉልበት ብቻ እንደማይወሰን፣ ሴቶቹ ወደ ማን እንደሚያደሉ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳይቷል። የተሸነፈው አውራ ብዙ ጊዜ በዚያው ቤተሰብ ተከታይ ሆኖ ይቀራል። ሰውነቱ ያው፣ ጎፈሩም ያው፤ ትናንት የበላይ ነበር፣ ዛሬ የበታች ነው።

ይህን ስል የጭላዳ ሴቶች እንደ ልባቸው ይኖራሉ ማለቴ አይደለም። ቤተሰብ የነጠቀ ወንድ ግልገሎችን ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የስሜን ጥናት እንደሚያሳየው፣ አውራው ሲቀየር ነፍሰ ጡር ከነበሩት ሴቶች 80 በመቶ ያህሉ ጽንሳቸው ይቋረጣል። የወንዱ ኃይል ከባድ ዋጋ ያስከፍላል። ነገር ግን ጉዳት ማድረስ መቻል አንድ ነገር ነው፤ ሴቶቹ «ይገዙለታል» ማለት ሌላ ነው።

አስተያየት ሰጪው ሴትን በኃይል ለሚይዝ ወንድ ምሳሌ ከፈለገ፣ አንገት እየነከሰ ሴቶቹን የሚሰበስበውን የቆላውን ሐማድርያስ ዝንጀሮ ሊጠቅስ ይችል ነበር። እዚያም ግን የጠበቀውን አያገኝም። ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ኩመር በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በኤረር ጎታ አካባቢ፣ አኑቢስ የተባለ የሌላ ዝንጀሮ ዝርያ ሴቶችን ወስዶ ሐማድርያስ መንጋ ውስጥ ለቀቃቸው። በአኑቢስ መንጋ ሴት ወንድን አትከተልም፤ እነዚህ ግን በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ የሚያስፈራራቸውን ወንድ መከተል ተማሩ። የሐማድርያስ ሴቶች በተቃራኒው አኑቢስ መንጋ ውስጥ ሲለቀቁ መከተሉን እንዲሁ ቶሎ ተዉት። በወንዶቹ በኩል ነገሩ ይለያል፤ ሁለቱ ዝርያዎች በሚዳቀሉበት በአዋሽ፣ ሴቶችን የመሰብሰብ ዝንባሌ ከዘር ሐረግ ጋር የተያያዘ ይመስላል። መገዛት ግን በሴቶቹ ደም ውስጥ አልነበረም።

ኩመርና ባልደረቦቹ ያደረጉት ሌላ ሙከራ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ሁለት የሚተዋወቁ የሐማድርያስ ወንዶችን ያዙ። አንዱን ከአንዲት ሴት ጋር ግቢ ውስጥ አስገቡት፤ ሌላው ከአጥር ውጭ ሆኖ ጥንዶቹ ሲቀራረቡ ለሩብ ሰዓት ያህል ተመለከተ። ከዚያ እሱም ገባ። አልተጣላም። ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤ ከጥንዶቹ ፊቱን አዞረ፤ ሰማዩን አየ፣ መሬት ላይ ያለ ጠጠር ነካካ፣ ሰውነቱን አከከ። በሌላ ጊዜ ቦታቸው ተለዋውጦ እሱ ከሌላ ሴት ጋር ቀድሞ ሲገባ፣ ያኔ ባለቤት የነበረው በተራው ጥግ ያዘ። በቀጣዮቹ ሙከራዎች ደግሞ ሴቲቱ ለያዛት ወንድ ያላት ፍላጎት ደካማ ሲሆን ሌላው ወንድ ራሱን መግታቱን ሊተው እንደሚችል ታየ። ማን የበላይ ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ በየትኛው ቀን፣ ስለ የትኛዋ ሴት ብሎ መልሶ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

የታላቅነት ምሳሌዬ ጅብ ዘንድ ሲደርስ ይሰበራል፤ የሚሰበርበትም ቦታ ጠቃሚ ነው። በነጠብጣብ ጅብ መንጋ ልጅ የእናቷን ቦታ ይዛ ከእናቷ ቀጥላ ትቆማለች፤ ከእህትማማቾች መካከል ግን በአብዛኛው የበላይ የምትሆነው ታናሺቱ ናት፣ እናት የምትቆመው ለታናሺቱ ነውና። ከሌላ መንጋ የሚመጣ ወንድ ከሁሉም በታች ይጀምራል። ሴቶቹ ወንዶችን የሚበልጡት በጉልበት ነው የሚለው የቆየ ግምትም አልጸናም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ጠብ ሲነሳ የሚያሸንፈው አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ደጋፊ ያለው ወገን ነው። ወንዱ ከሚሸነፍባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ዘመዶቹን ትቶ መምጣቱ ነው።

ስለ ተኩላው አላስረዝምም። «አልፋ»፣ ማለትም የመንጋው አለቃ፣ የሚባለው ተኩላ ወሬ የተነሳው ሩዶልፍ ሼንክል እ.ኤ.አ. በ1947 በመካነ እንስሳት ስለተያዙ ተኩላዎች ካሳተመው ጥናት ነው። ያንን አስተሳሰብ ያስፋፋው ዴቪድ ሜክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1999 በዱር ያለ የተኩላ መንጋ በአብዛኛው አባት፣ እናትና ልጆቻቸው እንደሆነ ጽፎ አረመው። ብዙ ወላዶች ያሉበት ትልቅ መንጋ ሲገኝ ስያሜው አሁንም ሊያገለግል ይችላል፤ ይህንንም ያለው ሜክ ነው።

አካል ምንም ለውጥ አያመጣም የሚለኝ ካለ ደግሞ እርሱንም አልቀበልም። የባሕር ዝሆን ወንዶች ዘንድ ግዝፈት ብዙ ነገር ይወስናል። ቦታውም ሰውነትን መልሶ ይነካል፤ በኬንያ አምቦሴሊ የተጠኑ ዝንጀሮዎች መካከል የመጀመሪያውን ደረጃ የያዘው ወንድ ከሁለተኛው ይልቅ ከፍ ያለ የጭንቀት ሆርሞን እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2011 ተዘግቧል። ከላይ መሆን እንደ ጤና ምልክት ሲሰበክ የምንሰማው ነገር ቢያንስ እነሱ ዘንድ እውነት አልሆነም።

ሰውን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል፤ እኛ ዘንድ በፍርሃት ከሚገኝ ቦታ ሌላ በክብር የሚገኝ ቦታ አለ። የተከበረን ባለሙያ ሰው ወድዶ ይቀርበዋል፣ ሊማርበት ይፈልጋል፤ ከሚፈራው ግን ይሸሻል። ጭላዳው በፍርሃት ስለሚገኘው ቦታ ጥቂት ሊያስተምረን ይችል ይሆናል፤ በክብር ስለሚገኘው ግን የሚነግረን ነገር የለውም። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆነ ሰው፣ የበታች ሠራተኛው ዳኛ በሆነበት የዕድር ስብሰባ እጁን አውጥቶ ነው የሚናገረው፤ ከዘገየም ይቀጣል። ይህን ሰው «በተፈጥሮው የበላይ» የሚለው አስተያየት ሰጪ፣ ከቢሮው ሰኞና ከዕድሩ እሑድ የትኛውን እንደቆጠረ መናገር አለበት።