ዲኤንኤ ምንድን ነው? ባዮቴክኖሎጂስ በእርሻችን ውስጥ ምን ይሠራል?

መርካቶ፣ እህል በረንዳ ውስጥ ማኛ ጤፍና ቀይ ጤፍ ጎን ለጎን ሲሸጡ ገዢው መጀመሪያ የሚያየው ቀለማቸውን ነው። የአፈሩ ለምነት፣ የዝናቡ መጠንና የገበሬው ድካም በምርቱ ላይ ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ ሆኖም ነጩ ጤፍ ነጭ፣ ቀዩም ቀይ ሆኖ ከዓመት ዓመት የሚበቅለው በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ከወላጅ ተክሉ የተወረሰ መረጃ ስላለ ነው። ይህን መረጃ የተሸከመው ንጥረ ነገር ዲኤንኤ ይባላል።

ዲኤንኤ በሰው፣ በእንስሳት፣ በዕፅዋትና በባክቴሪያ ህዋሳት ውስጥ የሚገኝ እጅግ ረጅምና ቀጭን ሞለኪውል ሲሆን፣ ቅርጹ የተጠማዘዘ መሰላል ይመስላል። የመሰላሉ ሁለት ቋሚዎች ከስኳርና ከፎስፌት የተሠሩ ናቸው፤ መወጣጫዎቹ ደግሞ አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጓኒንና ሳይቶሲን ከሚባሉ አራት ውህዶች የተገጠሙ ናቸው። አዴኒን ሁልጊዜ ከታይሚን ጋር፣ ጓኒንም ሁልጊዜ ከሳይቶሲን ጋር ስለሚጣመር የአንዱ ወገን ቅደም ተከተል ከታወቀ የሌላው ወገን በቀጥታ ይታወቃል፤ ህዋስ ለሁለት ሲከፈል መረጃው ተገልብጦ ለሁለቱም የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ ይህን ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1953 ይፋ ሲያደርጉ ከተመረኮዙባቸው ማስረጃዎች ዋነኛው በሮዛሊንድ ፍራንክሊን ቤተ ሙከራ የተነሳው የኤክስሬይ ምስል ነበር፤ የእርሷ ድርሻ የሚገባውን ያህል ሳይነገርላት ብዙ ዓመታት ማለፋቸው የሚያስቆጭ ነው።

አራቱ ውህዶች የሚደረደሩበት ቅደም ተከተል ነው ትርጉም የሚሰጠው። አንድን ፕሮቲን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ትእዛዝ የያዘ የዲኤንኤ ክፍል ዘረመል ወይም ጂን ይባላል፤ ህዋሱ ትእዛዙን አንብቦ ፕሮቲኑን ይሠራል፣ የቅጠሉ አረንጓዴነት፣ የአገዳው ቁመትና የፍሬው ቀለምም ከእነዚህ ፕሮቲኖች ሥራ የሚመጡ ናቸው። ዲኤንኤው ክሮሞዞም በሚባሉ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ይቀመጣል። ሰው 46፣ ጤፍ 40 ክሮሞዞም አላቸው። የጤፍ ሙሉ የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ከ600 ሚሊዮን በላይ ጥንዶች ሲኖሩት፣ የሰው 3 ቢሊዮን ገደማ፣ የዳቦ ስንዴ ግን 16 ቢሊዮን አካባቢ ይደርሳል፤ ስለዚህ የዲኤንኤ ርዝመት የፍጡርን ውስብስብነት አይለካም።

ዲኤንኤን ለማየት የግድ ቤተ ሙከራ መግባት አያስፈልግም። ግማሽ ሙዝ በማንኪያ በደንብ አድቅቆ፣ ጨው የተጨመረበት ውሃና ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሮ አረፋ እንዳይበዛ በቀስታ ማማሰል፣ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ነው። ሳሙናው የህዋሱን ስስ የቅባት ሽፋን ስለሚያፈርስ በውስጡ ያለው ሁሉ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ጨው ደግሞ የዲኤንኤን ኤሌክትሪካዊ ሙሌት አቻችሎ ክሮቹ እንዲቀራረቡ ያደርጋል። የተጠለለው ፈሳሽ በብርጭቆ ውስጥ እንዳለ በማቀዝቀዣ የቆየ ጠንካራ አልኮል በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ቀስ ተብሎ ሲፈስስበት፣ አልኮሉ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ዲኤንኤ በአልኮል ውስጥ ስለማይሟሟ ሁለቱ ፈሳሾች በሚገናኙበት መስመር ላይ ነጭ፣ ክር መሳይ ነገር እየተሰበሰበ ይወጣል። በእንጨት ስንጥር መጠቅለልም ይቻላል። ከሌሎች ነገሮች ያልጠራ ቢሆንም በውስጡ የሚሊዮኖች ህዋሳት ዲኤንኤ አለ። ይህን ሙከራ በየትምህርት ቤቱ ማሳየት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ከመሆኑ አንጻር፣ ተማሪዎቻችን ዲኤንኤን በሰሌዳ ላይ በተሳለ ሥዕል ብቻ እንዲያውቁት መደረጉ ሊቀር ይገባል።

ባዮቴክኖሎጂ ሕይወት ያላቸውን ነገሮች ወይም ክፍሎቻቸውን ለጠቃሚ ሥራ ማዋል ነው። በአገራችን ስሙ ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ወዲያውኑ ወደ ልውጥ ሕያዋን፣ ማለትም ዘረመላቸው በቤተ ሙከራ ወደተለወጠ ፍጡራን ይሄዳል፤ እነርሱ ግን የዘርፉ አንድ ክፍል ብቻ ናቸው፣ በእኔ እምነት ለኢትዮጵያ እርሻ ከሁሉ የሚቀድሙትም አይደሉም። ለእኛ የሚቀድመው ያለንን ዘር ዲኤንኤ ማንበብ ነው።

ለምን እንደሆነ ጤፍ ያስረዳል። ቁንጮ የተባለውና እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው ዝርያ የተገኘው በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ምርታማውን ዱከምን ነጭ ፍሬ ካለው ማኛ ጋር በማዳቀል ነው። ማዳቀል በቃል ሲባል ቀላል ይመስላል፤ የጤፍ አበባ ግን እጅግ ትንሽ ከመሆኑም በላይ የሚከፈተው በማለዳ ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅልም ተመራማሪው በማጉያ መሣሪያ እያየ የወንዴውን ክፍል ቀድሞ መንቀል ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ የሚመጡትን ልጆች ትውልድ ከትውልድ እየዘሩ፣ ቁመታቸውንና ፍሬያቸውን እየለኩ መምረጥ ዓመታት ይወስዳል። የሚፈለገው ጠባይ ከየትኛው የዲኤንኤ ክፍል ጋር እንደሚወረስ ከታወቀ ግን ተመራማሪው ተክሉ አድጎ እስኪያፈራ ሳይጠብቅ ከችግኙ ቅጠል ላይ ጥቂት ቆርጦ፣ ዲኤንኤውን መርምሮ የትኛው እንደሚቀጥል መወሰን ይችላል። በዚህ አሠራር ወደ ተክሉ የሚገባ ባዕድ ዘረመል የለም፤ የተለወጠው የምርጫው ፍጥነትና ትክክለኛነት ነው።

የጤፍ ዋነኛ ችግር አገዳው ረጅምና ቀጭን በመሆኑ ፍሬው ሲከብድ፣ ነፋስና ዝናብ ሲመታው መሬት ላይ መተኛቱ ነው። በስዊዘርላንድ በበርን ዩኒቨርሲቲ በዶክተር ዘሪሁን ታደለ የሚመራው ቡድን በዲኤንኤ ላይ ለውጥ በሚያስከትል ኬሚካል የጤፍ ዘር ካከመ በኋላ፣ ከበቀሉት መካከል አጠር ያሉትንና የማይተኙትን ፈለገ። ከተገኙት አንዱ አካሉ ወደ ቀኝ የሚጠማዘዝ በመሆኑ ቀኜ ተባለ፤ ዲኤንኤው ሲነበብም የማጠሩ ምክንያት ቱቡሊን የተባለውን፣ ለህዋስ ቅርጽ የሚያስፈልግ ፕሮቲን በሚያዝዝ ዘረመል ላይ የደረሰ ለውጥ መሆኑ ታወቀ። ይኸው ቡድን ከሌሎች ጋር ሆኖ የጤፍን የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2014 አሳትሟል። ለዘመናት በእኛ ገበሬዎች እጅ ተጠብቆ የኖረ እህል በዚህ ደረጃ መታወቁ ሊያስደስተን ይገባል፤ ብዙው ሥራ ገና ከፊታችን ነው።

ሌላው ቅርንጫፍ የቲሹ ካልቸር ነው። የምንበላው ሙዝ ክሮሞዞሞቹ በሦስት ቅጂ ስለሆኑ ፍሬያማ ዘር አያፈራም፤ ስለዚህ የሚራባው ከሥሩ በሚወጣ ችግኝ ነው፣ እናቲቱ ከታመመች ደግሞ ችግኙም በሽታውን ይዞ ይሄዳል። በቲሹ ካልቸር ከተክሉ እምብርት ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ከጀርም በጸዳ ጠርሙስ ውስጥ፣ በስኳርና በማዕድናት በበለጸገ ምግብ ላይ ይበቅላል፤ ከአንዲት ጤናማ እናትም በርካታ ንጹሕ ችግኞች ይወጣሉ። ለሸንኮራ አገዳና ለእንሰትም ይሠራል።

አሁን ወደ ልውጥ ሕያዋን እንምጣ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ለእርሻ የፈቀደችው ቢቲ ጥጥ፣ በአፈር ውስጥ ከሚኖር ባሲለስ ቱሪንጄንሲስ ከተባለ ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል ገብቶበታል። ጥጡ በዘረመሉ ትእዛዝ የሚሠራውን ፕሮቲን ጓይ ትል ሲበላው፣ ፕሮቲኑ አሲዳማ ባልሆነው የትሉ አንጀት ውስጥ ሟሙቶ ከአንጀቱ ግድግዳ ጋር ይጣበቅና ይበሳዋል። የሰው ጨጓራ አሲዳማ ነው፤ ፕሮቲኑ የሚጣበቅበት ተቀባይም በሰው አንጀት ውስጥ የለም፤ ትሉን የሚገድለው ሰውን የማይጎዳው ለዚህ ነው። ይሁንና ስጋቶቹን በጅምላ መናቅ ተገቢ አይደለም። ትሎች ከጊዜ ብዛት ፕሮቲኑን ሊላመዱት ስለሚችሉ፣ ያልተላመዱ ትሎችም ተርፈው ከተላመዱት ጋር እንዲራቡ ከማሳው አጠገብ ያልተለወጠ ጥጥ መዝራት ይመከራል። የተፈቀዱት ዘሮች ድቅል ስለሆኑም ገበሬው ከምርቱ አስቀርቶ ቢዘራ ያንኑ ውጤት አያገኝም፤ በየዓመቱ መግዛት አለበት፣ ይህም የሳይንስ ሳይሆን የኢኮኖሚ ጥያቄ በመሆኑ በቤተ ሙከራ ማስረጃ ሊመለስ አይችልም። የአገሪቱ የደህንነተ ሕይወት አዋጅ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ ጥብቅ ነበር፣ በ2015 ተሻሽሎ ለምርምር በር ከፈተ። አንድን ልውጥ ሰብል መቀበልም ሆነ መከልከል በዚያ ሰብል፣ በዚያ ዘረመልና በዚያ አካባቢ ላይ በተደረገ ምርመራ እንጂ ለሁሉም በአንድ ቃል መሆን የለበትም።

የዘራችንን ዲኤንኤ ማንበቡ ለምን እንደሚቀድም የገብስ ታሪክ ይመሰክራል። ክሽክሽ በሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት የሚተላለፍና ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ ቫይረስ በካሊፎርኒያ ብዙ ጉዳት ባደረሰበት ዘመን፣ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ የገብስ ዓይነቶችን ሲፈትሹ የመቋቋም ኃይሉን ያገኙት በኢትዮጵያ ገብስ ውስጥ ነው፤ ያ ዘረመል ዛሬም በውጭ አገር ዝርያዎች ውስጥ ይሠራል። ዱቄት መሳይ ሻጋታን የሚከላከለው ሌላ የገብስ ዘረመልም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ ገብስ የተገኘ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል ሆኖ የተቋቋመው የዛሬው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ከየአካባቢው የተሰበሰቡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የዘር ናሙናዎችን በማቀዝቀዣ ይጠብቃል። አንድ ናሙና ከየት ወረዳ እንደመጣ መመዝገቡ በውስጡ ድርቅን የሚቋቋም ወይም ዋግን የሚከላከል ዘረመል መኖሩን አይነግረንም፤ ያንን የሚነግረን በማሳ ላይ መፈተሹና ዲኤንኤው መነበቡ ነው፣ ሥራውም እዚሁ በራሳችን ባለሙያዎች ቢሠራ ግኝቱን ለማን፣ በምን ውል እንደምንሰጥ የምንወስነው እኛ እንሆናለን።