«እግዜር ሳይደግስ አይጣላም»፦ ትርጉሙ፣ መነሻውና በመከራ ቀን የሚነገርበት መንገድ

ጅማ ውስጥ የቡና ማሳው በበሽታ የተመታበት፣ ልጁ የ12ኛ ክፍል ውጤት ያልመጣለት ወይም ከሥራ የተሰናበተ ሰው ቤት ጎረቤት ተሰብስቦ ሲቀመጥ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ከትልልቆቹ አንዱ ወይም አንዷ «አይዞህ ልጄ፣ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ማለታቸው አይቀርም። አንዳንዴም አጥሮ «ሳይደግስ አይጣላም» ብቻ ይባላል፤ ማን እንደሚደግስ ሁሉም ያውቃልና። ከዓመታት በኋላ ነገሩ ሲቃና ደግሞ ባለቤቱ ራሱ «ለካ ሳይደግስ አይጣላም!» ይላል።

አብዛኛው ሰው የሚሰማው ትርጉም «ከክፉ ቀን በኋላ ደግ ቀን ይመጣል» የሚል ነው። ይህ ስሕተት አይደለም፣ ግን ግማሹ ነው። የአነጋገሩ ጉልበት ያለው በቃላቱ ቅደም ተከተል ላይ ነው። «ሳይበላ አይወጣም» ስንል መብላቱ ይቀድማል፣ መውጣቱ ይከተላል። «ሳይደግስ አይጣላም»ም እንዲሁ ነው፦ ድግሱ ይቀድማል፣ ጠቡ ይከተላል። «ተጣልቶ ይክሳል» አላለም። ካሳ ጉዳት ከደረሰ በኋላ የሚታሰብ ነው፤ ድግስ ግን አስቀድሞ የተጀመረ ነው። ስለዚህ ይህን ቃል የሚሰማ የተጨነቀ ክርስቲያን የሚነገረው «ወደፊት አንድ ነገር ይደረግልሃል» ተብሎ ብቻ አይደለም፤ «አንተ ሳታውቅ የተጀመረ ነገር አለ» ተብሎ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ የመጀመሪያው ምኞት ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛው እምነት ነው።

እንደ ብዙው ምሳሌያዊ አነጋገር ይህም ከአንድ ሰው አፍ የወጣ ሳይሆን ከኑሮ የተቀዳ ነው። መነሻውን ለማየት ድግስ እንዴት እንደሚሰናዳ ማስታወስ ይበቃል። ለጠላው ገብሱ ውሃ ውስጥ ያድርና በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሦስት ቀን ያህል ይቆያል፤ ሲበቅል ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፣ ይፈጫል፤ ብቅል የሚባለው ይህ ነው። ጋኑ በወይራ ይታጠናል። የተወቀጠው ጌሾ በውሃ ተጠንስሶ ሁለት ሦስት ቀን ይሰነብታል፤ ከዚያ ብቅሉና ቂጣው፣ ቀጥሎም እንኩሮው ይገባል፤ ድፍድፉ ውሃ ተሞልቶ አፉ ከታሸገ በኋላ ደግሞ ሳምንት ያህል ይጠበቃል። ለጠጁ ለአንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ያህል ውሃ ይለካል፣ ጌሾው ይጨመራል፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይተዋል። የእንጀራው ሊጥ እንኳ ሦስት ቀን ይፈልጋል። እንደ ጅማ ክርስቲያንና ሙስሊም ግድግዳ ተጋርቶ በሚኖርበት ከተማ ደጋሹ ሌላም ያስባል፦ ለሙስሊሙ ጎረቤት ለብቻው የታረደ ሥጋ፣ ለብቻው የተቀመጠ ድስት፣ ጌሾ ያልነካው ብርዝ። የተጠራው ሰው በቀኑ መጥቶ የሚያየው ገበታውን ብቻ ነው። ከአንድ ወር በፊት በዚያ ደጅ ያለፈ ግን ያየው ጭስ፣ የሸተተው ጌሾ፣ የሰማው የሙቀጫ ድምፅ ነው። ቸኩሎ ጋኑን የከፈተ ደግሞ የሚያገኘው ያልጠራ ጉሽ ነው፤ ጠላው ስላልተዘጋጀ ሳይሆን ቀኑ ስላልደረሰ።

ሁለተኛው ቃል «መጣላት» ነው። «አይቀጣም» ወይም «አይቆጣም» አለመባሉን ልብ ማለት ይገባል። ሰው ከአላፊ አግዳሚ ጋር ይጋጭ ይሆናል እንጂ እንዲህ ባለው ስሜት አይጣላም፤ የሚጣላው ከራሱ ሰው ጋር፣ ከወንድሙ፣ ከልጁ፣ ከባልንጀራው ጋር ነው። ጠብ ቀድሞ የነበረ ፍቅርን ያስረዳል፣ ከጠብ በኋላም ሽማግሌ፣ እርቅና አብሮ መቁረስ አለ። ጆሮ ላለው ደግሞ «አይጣላም» ውስጥ የድግሱ ጠላ ይሰማል።

ታዲያ እግዚአብሔር በእውነት ይጣላል? አነጋገሩ የሚናገረው ለተጎዳው ሰው በሚታየው መጠን ነው። ኢሳይያስ 54፥7-8 ላይ እግዚአብሔር ራሱ በዚህ ዓይነት ቋንቋ ይናገራል፤ ፊቱን ለጥቂት ጊዜ እንደሰወረ፣ በዘላለም ቸርነት ግን እንደሚምር። መዝሙር 30፥5 ደግሞ ቁጣውን ከቅጽበት ጋር፣ ልቅሶውን ከአንድ ሌሊት ጋር ያመዛዝነዋል። ከዚህ አልፎ «ይህ የደረሰብህ እግዚአብሔር ስለተጣላህ ነው» ብሎ ሰውን መክሰስ ግን ከአነጋገሩም ከወንጌሉም ውጭ ነው። ዮሐንስ 9፥3 ላይ ጌታ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት እንዳልሠሩ ተናግሯል፤ ሉቃስ 13፥4 ላይም የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው 18 ሰዎች ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የባሱ እንዳልነበሩ አስረድቷል።

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይህን አነጋገር ቃል በቃል የሚመስል አንድ ቦታ አለ፤ ብዙ ጊዜ ታልፎ የሚነበበው ዘፍጥረት 43 ነው። የዮሴፍ ወንድሞች እህል ለመሸመት ሁለተኛ ጊዜ ወደ ግብፅ ወረዱ። ዮሴፍ ብንያምን አብሯቸው ባየ ጊዜ የቤቱን አዛዥ ጠርቶ «እርድ አርደህ አዘጋጅ፣ በቀትር ከእኔ ጋር ይበላሉ» የሚል ትእዛዝ ሰጠ። ወንድማማቾቹ ይህን አልሰሙም። እነርሱ ያዩት ወደ ገዥው ቤት መወሰዳቸውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ በፊተኛው ጉዞ በስልቻቸው ስለተመለሰው ብር ሊጣላቸው፣ ባሪያ ሊያደርጋቸውና አህዮቻቸውን ሊወስድ እንደሆነ አስበው ፈሩ (ቁጥር 18)። ጓዳ ውስጥ እየታረደ፣ ደጅ ላይ እነርሱ እየተንቀጠቀጡ ነበር። እግራቸውን የሚታጠቡበት ውሃ፣ ለአህዮቻቸው ገፈራ (መኖ) እስኪቀርብ፣ የብንያምም ድርሻ ከሌሎቹ አምስት እጥፍ ሆኖ እስኪመጣ ድረስ አላመኑም። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነበር፤ ድግሱም እውነተኛ ነበር።

የዮሴፍ የራሱ ሕይወትም በዚሁ ቅደም ተከተል የተሠራ ነው። ታሪኩ ሲጀምር 17 ዓመቱ ነበር፣ ፈርዖን ፊት ሲቆም 30፤ በመካከሉ ያሉት 13 ዓመታት ጉድጓድ፣ ባርነትና እስር ቤት ናቸው። የጠጅ አሳላፊው አለቃ ተፈትቶ ከረሳው በኋላ እንኳ ሁለት ሙሉ ዓመት አልፏል። በመጨረሻ ለወንድሞቹ የነገራቸው እግዚአብሔር ሕይወትን ለማዳን ከእነርሱ በፊት እንደላከው ነው (45፥5)። ያዕቆብ ቤት ራብ ከመግባቱ በፊት ጎተራው ግብፅ ላይ ሞልቶ ነበር። ሆኖም ዮሴፍ «እናንተ ምንም አላደረጋችሁም» አላለም፤ ክፉ እንዳሰቡበት በግልጽ ተናገረ (50፥20)። ይህ መያዝ ያለበት ነው፦ «ሳይደግስ አይጣላም» የበደለውን ሰው ነፃ ማውጫ አይደለም። የተደበደበችን ሚስት ወይም የተዘረፈን ሰው በዚህ ቃል ዝም ማሰኘት ቃሉን ማበላሸት ነው።

ለጅማ ሰው ግን ከሁሉ የቀረበው ማስረጃ ጓሮው ያለው የቡና ዛፍ ነው። የቡና የአበባ እንቡጥ በቅርንጫፉ ላይ ከተፈጠረ በኋላ ይተኛል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ዛፉ የሞተ ይመስላል። እንቡጡን ከእንቅልፉ ለመነሣት የሚያበቃው ግን ያው ድርቀት ነው፤ ውሃ ጥም ያልነካው ቡና አበባው አንድ ላይ አይወጣም። ከዚያ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲወርድ፣ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ማሳው ነጭ ይለብሳል፣ መዓዛው መንገድ ድረስ ይመጣል። ገበሬው ድርቀቱን ሲያይ እንቡጡ ቀድሞ እዚያ ነበር። አበባው ራሱ ከሁለት ሦስት ቀን አይበልጥም፤ ቀይ ፍሬ እስኪሆን ደግሞ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ይወስዳል። አበባውን አይቶ በማግሥቱ ቅርጫት የሚያነሣ የለም።

ከዚህ የሚከብደው ጉንደላ ነው። ያረጀ ቡና ከለቀማ በኋላ፣ በደረቁ ወራት፣ ከመሬት 30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቆረጣል። አቆራረጡ ሰያፍ መሆን አለበት፤ ለጥ ያለ ከሆነ ውሃ ተኝቶበት ግንዱ ይበሰብሳል። ከቅርፊቱ ሥር ተኝተው ከነበሩት ዓይኖች ብዙ ቀንበጥ ይወጣል። ሁሉንም የተወ ሰው ቀጫጭን እንጨት ያተርፋል፤ ብርቱዎቹን ሁለት ሦስት ብቻ መርጦ ሌላውን መቀንጠስ ያስፈልጋል። ደህና ምርት የሚገኘው ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ቤቱ በሌላ ነገር መተዳደር አለበት። ኪሳራ ወይም ሐዘን የቆረጠው ሰውም እንዲሁ በመጀመሪያው ዓመት ሁሉን ነገር ልጀምር ካለ ይደክማል። ሁለት ነገር መርጦ መያዝ ይበቃዋል፤ ለምሳሌ የማያቋርጥ ጸሎትና ቤቱን የሚያቆይ አንድ ሥራ።

አሁን ወደሚነገርበት መንገድ። ቃሉ እውነት ቢሆንም ያለ ጊዜው ሲነገር ያቆስላል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ሲቀመጡ አንዳች አልተናገሩም (ኢዮብ 2፥13)፤ ያ ከሠሩት ሁሉ የተሻለው ነበር። የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መደርደር ሲጀምሩ ነው፣ እግዚአብሔርም በመጨረሻ የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነው። ስለዚህ ለቅሶ ቤት፣ ሬሳ ገና ሳይወጣ ወይም በሠልስቱ፣ «ሳይደግስ አይጣላም» አይባልም። ልጇን ለቀበረች እናት የልጇን ሞት ከአንድ ድግስ ጋር ማመዛዘን ይሆንባታል። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይበቃል። ለሥራ መጥፋት፣ ለፈተና ውድቀት፣ ለንግድ ኪሳራ ቃሉ ቶሎ ሊነገር ይችላል፤ ለሞትና ለከባድ ሕመም ግን ተጎጂው ራሱ እስኪጀምረው መጠበቅ ይሻላል። ቀን መቁረጥም ሌላው ስሕተት ነው። «በዚህ ወር ይከፈትልሃል» ያለ ሰው ጉሹን እያስቀዳ ነው፤ ወሩ ሲያልፍ የሚሰበረው የሰውየው እምነት ነው።

ቃሉን ለራሱ የሚይዝ ሰው ደግሞ ከሆድና ከእንቅልፍ ይጀምር። ኤልያስ ሞትን በለመነ ጊዜ (1ኛ ነገሥት 19) መልአኩ በመጀመሪያ ያመጣለት ስብከት ሳይሆን እንጎቻና ውሃ ነበር፤ በላ፣ ተኛ፣ እንደገና ተቀስቅሶ በላ፣ ከዚያ 40 ቀን ተጓዘ። ጸሎት አልወጣ ሲል መዝሙር 13 አለ፤ በግእዙ ዳዊት ቁጥሩ 12 ነው። ስድስት ቁጥር ብቻ ነው፣ «እስከ መቼ» የሚለው ጥያቄ አራት ጊዜ ይመላለሳል፣ ቀጥሎ ልመናው ይመጣል፣ በመጨረሻም በቸርነቱ መታመን። ጥዋትና ማታ በዚያው ቅደም ተከተል መድገም ይቻላል፤ አቤቱታውን ዘልሎ ወደ ምስጋናው የሚሮጥ ሰው ግን ኀዘኑን አፍኖ ያስቀምጠዋል እንጂ አላቀረበውም። ሮሜ 5፥3-4 ላይ ያለው መሰላልም ተራ አለው፦ መከራ፣ ትዕግሥት፣ ፈተና፣ ተስፋ። እዚያ «ፈተና» የተባለው ተፈትኖ ማለፍ ነው፣ እንደ ወርቅ። ተስፋ የተቀመጠው አራተኛው ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ካልተሰማ እምነት ጠፋ ማለት አይደለም።

ድግሱ ሁልጊዜ የጠፋውን መልሶ የሚሰጥ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ የተሰጠው ጸጋ እንጂ መወገዱ አልነበረም። ለኢዮብ ከብቱ እጥፍ ሆኖ ሲመለስ ልጆቹ እንደገና ሰባት ወንድና ሦስት ሴት ሆኑ እንጂ የሞቱት አልተተኩም። ዕብራውያን 11 ስለ እነዚያ የተስፋውን ቃል ሳያገኙ፣ ከሩቅ ተሳልመውት ስለሞቱት ይናገራል። ለእነርሱ ገበታው የተዘረጋው ኢሳይያስ 25፥6 ባየው ተራራ ላይ፣ ሞት ለዘላለም በሚዋጥበት ቀን ነው።

እስከዚያ ቀን ደግሞ ትንሽ ድግስ በሰው እጅ ይቀርባል። ጅማ ላይ ለቅሶ ሲሰማ ዕድርተኛው ድንኳን ሲተክል፣ ሐዘንተኛዋ ገና ፊት ለፊት ስታለቅስ፣ በጓሮ በኩል ሦስት ጉልቻ ቆሞ የንፍሮው ስንዴና ባቄላ ተጥዷል። ከማታ የተዘፈዘፈውን እህል ያመጣችው ጎረቤት ወደ ውስጥ ገብታ ምንም ሳትናገር ትቀመጣለች፣ እስኪበስል ድረስ።